ለማን ትናገር?

ልጅን አሳድጎ፣ አስተምሮ ለዩኒቨርሲቲ ማብቃት ምን ያህል ድካም እንዳለበት ለዚህ ገጽ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ልጅቱ ሴት ስትሆን ደግሞ በድካሙ ላይ ስጋቱ ይደረባል። ምደባው ታውቆ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ስትደርስ እናት የምታስበው ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ዶርሙና አብረዋት ስለሚያድሩት ልጆች ነው። አባትም "ከትምህርትሽ ሌላ አትመልከቺ፤ መምህራንሽን አክብሪ" ብሎ ይመርቃታል። "ከመምህርሽም ቢሆን ተጠንቀቂ" ብሎ የሚሸኝ ወላጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ ብዬ አላውቅም ነበር።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከባለቤቴና ለዩኒቨርሲቲ ከተቃረበችው ልጄ ጋር ቤታችን ቁጭ ብለን ያየነው አንድ ዘጋቢ ፊልም ነው። ፊልሙ አዲስ አይደለም። ቢቢሲ "አፍሪካ አይ" በተባለው የምርመራ ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2019 ያሰራጨው ሲሆን "ሴክስ ፎር ግሬድስ" ይባላል። ርዕሱን በቤተሰብ መጽሔት ላይ በግልጽ አማርኛ መመለስ ስለሚያሳፍር እንዳለ ትቼዋለሁ፤ መምህር ከተማሪው ገላ ጠይቆ በምትኩ ውጤት ስለሚሰጥበት ገበያ የሚናገር መሆኑን ግን አንባቢ ይረዳል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙን የምትመራው ኪኪ ሞርዲ የምትባል ናይጄሪያዊት ጋዜጠኛ ናት። እሷም በተማሪነቷ ዘመን በአንድ መምህር ትንኮሳ ምክንያት ትምህርቷን አቋርጣ እንደወጣች ትናገራለች። ድብቅ ካሜራ የያዙ ሴት ጋዜጠኞች በናይጄሪያ ሌጎስ ዩኒቨርሲቲ፣ በጋና ደግሞ ጋና ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። በሌጎስ አንዲቱ ጋዜጠኛ ዩኒቨርሲቲ መግባት የምትፈልግ የ17 ዓመት ልጅ መስላ ወደ አንድ አንጋፋ መምህር ቢሮ ትመላለሳለች። ሰውዬው በፋኩልቲው የኃላፊነት ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ፣ በቤተ ክርስቲያንም ፓስተር የሆነ ነው። ሰባኪነቱን የጠቀስኩት የሌላውን እምነት ለመንቀፍ አይደለም። ማዕረግ፣ ዕድሜና ሃይማኖት በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ጥርጣሬ ከዚያ ሰው ምን ያህል እንደሚርቅ እኛም በየመንደራችን እናውቀዋለን። በመጀመሪያው ቀን ስለ መልኳ ያነሣል። በመጨረሻው ቀን በሩ ይቆለፋል፣ መብራቱ ይጠፋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የረበሸኝ የሰውዬው ንግግር ለስላሳነት ነው። እንደ አጎት ነው የሚያወራው። አይጮህም፣ አያስፈራራም፤ ለመርዳት ፈቃደኛ ነው። ስለ አንድ ክፍልም ይነገራል። በመምህራኑ ክበብ ውስጥ የሚገኝ፣ መምህራን ሴት ተማሪዎችን ይዘው የሚዝናኑበት፣ "ቀዝቃዛው ክፍል" የሚል ስም የወጣለት ነው። ስም የወጣለት ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። የጽዳት ሠራተኛው ያውቃል፣ ዘበኛው ያውቃል፣ መጠጥ የሚያቀርበው ልጅ ያውቃል። ዲኑ ብቻ አያውቅም ማለት ይከብዳል።

ባለቤቴ እዚያ ላይ ስትደርስ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ልጄ ግን እስከ መጨረሻው አየችና፣ "አባ፣ ይህች ልጅ ጋዜጠኛ ባትሆን ኖሮ ለማን ትናገር ነበር?" አለችኝ።

ፊልሙን በጥሞና ደግሜ ያየሁት ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ፊልሙ ለዚህ ብዙ ቦታ አይሰጥም። የተበደሉ ሴቶች ፊታቸው ተሸፍኖ ይናገራሉ፤ ንግግራቸውም ልብ ይሰብራል። ካሜራው ደግሞ ሰውዬውን በቢሮው ውስጥ ያሳየናል። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው፣ አቤቱታ ተቀባዩ ሰው፣ መዝገቡ፣ ኮሚቴው፣ ውሳኔው፣ ይግባኙ ግን ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ጋዜጠኛዋ አጥፊውን እንጂ አጥፊውን ዝም ብሎ ያኖረውን ቤት አልመረመረችም ለማለት እደፍራለሁ። እርግጥ በአንድ ሰዓት ፊልም ሁሉን አድርጉ ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን ተመልካች ከፊልሙ ይዞት የሚሄደው ስሜት "መፍትሔው ድብቅ ካሜራ ነው" የሚል ከሆነ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። በየዓመቱ ስንት ሺህ ልጃገረዶች ወደ መምህር ቢሮ ይገባሉ፤ ካሜራ የያዘችው አንዲት ናት።

ሌላም ነቀፌታ አለኝ። ርዕሱ ስለ ውጤት ቢናገርም የጋናው ክፍል ከርዕሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። እዚያ የታየው በሥልጣን የሚበልጥ ሰው ከእርዳታና ከማማከር ጋር አያይዞ ለአንዲት ወጣት ሴት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ከመምህራኑ አንዱ ይህንኑ ክፍተት ይዞ ውጤት የሸጥኩበት ቦታ የለም ብሎ ተከራከረ። ሰውዬው ከጥፋት ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። ርዕስ አውጪው ግን ጠበቃ የሚገባበትን ቀዳዳ ትቶለታል። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ከፊልሙ ርዕስ ይልቅ በራሱ የመምህራን የሥነ ምግባር ደንብና ስለ ጾታዊ ትንኮሳ ባወጣው መመሪያ መመዘኑ ትክክል ነበር። በ2020 አንዱን ለስድስት ወር፣ ሌላውን ለአራት ወር ያለ ደመወዝ አገዳቸው። ቅጣቱ በዛ ወይም አነሰ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ደንብ ተጠቅሶ፣ ሰው ተሰምቶ የተሰጠ ውሳኔ መሆኑ ግን የሚናቅ አይደለም።

በሌጎስስ? ፊልሙ እንደታየ መምህሩ ወዲያው ታገደ፣ ያ ክፍልም ታሸገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው። ከዚያ በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ተመረመረ፣ ጉዳዩ ወደ ዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ሄደ። መምህሩ፣ በፊልሙ ከታየ ሌላ ባልደረባው ጋር፣ ከሥራ የተሰናበተው በ2021 ነው። ዓለም በዓይኑ ያየው፣ ድምፁም ምስሉም የተቀዳ ጉዳይ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ፈጀ። ካሜራ ያልነበራት ልጅ አቤቱታስ ስንት ዓመት ሊወስድ ነው? ያች ልጅ በዚያን ጊዜ ተመርቃ ወጥታለች፤ ወይም ሳትመረቅ ወጥታለች።

ይህን የምለው የናይጄሪያን ስም ለማክፋት አይደለም። እንዲያውም ናይጄሪያውያን ጉዳዩን ከብዙዎቻችን ቀድመው አደባባይ ያወጡ ሕዝቦች ናቸው። ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2018 በኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰሯ ለማለፊያ ውጤት ምን እንደጠየቃት በስልኳ ቀዳችው። ቅጂው በአገሩ ተሰራጨ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ፕሮፌሰሩ ከሥራ ተባረረ፤ ዲሴምበር ላይ ደግሞ ጥፋቱን አምኖ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት እስራት ፈረደበት። ከሳሹ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለምን ፀረ ሙስና? ምክንያቱም ሕጉ በግልጽ የያዘው ነገር ጉቦ ነበርና ነው። ባለ ሥልጣን የመንግሥትን ነገር፣ ማለትም ውጤትን፣ ለግል ጥቅም ለወጠ፤ ጥቅሙም የልጅቱ ገላ ሆነ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ወንጀለኛው አላመለጠምና። ግን በዚህ አመለካከት የተጎዳው ማነው? ውጤቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ መንግሥት ነው። ልጅቱ በራሷ ጉዳይ ላይ እንደ ገንዘብ ኖት ሆና ትታያለች። ደግሞም የጉቦ ክስ የሚቆመው ልውውጥ ሲኖር ነው። ያለ ምንም ልውውጥ ዝም ብሎ የሚያሳድድ፣ ሌሊት የሚደውል፣ በቢሮው የሚያስቆም መምህር በዚህ መረብ አይያዝም።

የናይጄሪያ ሴኔትም ይህን ተገንዝቦ በትምህርት ተቋማት የሚደረግ ትንኮሳን የሚቀጣ ረቂቅ በ2016 አጽድቆ ነበር፤ በሌላው ምክር ቤት ሳያልፍ ቀረ። ፊልሙ በታየ በሁለተኛው ቀን እንደገና ቀረበና በጁላይ 2020 ሴኔቱ እስከ 14 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ አድርጎ አጸደቀው፤ በዚያ የምክር ቤት ዘመን ግን ሕግ ሆኖ አልወጣም። የመምህራኑ ማኅበር ረቂቁን ገና ከ2016 ጀምሮ ሲቃወም፣ ያሉት ሕጎች ይበቃሉ፣ መምህራንን ብቻ ለይቶ ይወነጅላል፣ የዩኒቨርሲቲን ነጻነት ይነካል ብሎ ነበር። ማኅበሩ "ያሉት ይበቃሉ" ማለቱን አልቀበለውም። ቢበቁ ኖሮ ተማሪዎች ስልክ ደብቀው ቢሮ አይገቡም ነበር። በሌላ በኩል 14 ዓመት የሚለው ቁጥርም አያስደስተኝም። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ባልደረባውን አሳልፎ ለመስጠት የሚጨክን የኮሚቴ አባል እየጠፋ ይሄዳል፤ መካከለኛ ቅጣት በሌለበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ምንም አለማድረግ ነው።

የካላባር ዩኒቨርሲቲን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ2023 የሕግ ፋኩልቲው ሴት ተማሪዎች ጽሑፍ አንግበው፣ ዲናቸው እንዲነሣላቸው በግቢው ወጡ። የሕግ ተማሪዎች ናቸው፤ አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሆኖም ወረቀቱን ትተው ካርቶን መረጡ። ለምን ቢባል፣ ያው ሰው በ2015 ከባድ ክስ ቀርቦበት ታግዶ እንደነበረና ተመልሶ ፋኩልቲውን ሲመራ ስላዩ ይመስለኛል። ከሰልፉ በኋላ ታገደ፤ ጉዳዩም እዚያም በፀረ ሙስናው ኮሚሽን በኩል ፍርድ ቤት ደረሰ።

ልጄ "አሜሪካ ውስጥስ እንዲህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እዚያ ያለው መልክ ሌላ ነው። ቢሮ አለ፣ ቅጽ አለ፣ መርማሪ አለ። በ1972 የወጣው "ታይትል ናይን" የተባለው ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም ሁሉ በጾታ ምክንያት የሚደርስን በደል እንዲከላከል ያስገድዳል። "ለማን ትናገር?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ከተናገረች በኋላስ?" የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ ነው ባለጸጎቹም የሚደናቀፉት።

ከፀሐያችን ውጭ ያሉ ፕላኔቶችን በማግኘት ዓለም ያወቀው አንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። (የመምህራኑን ስም እየጠራሁ አልሄድም፤ ክርክሬ ከአሠራሩ ጋር ነውና።) የዩኒቨርሲቲው መርማሪ ቢሮ በ2015 አጋማሽ ላይ ሰውዬው ከ2001 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በተማሪዎች ላይ የትንኮሳ መመሪያውን እንደጣሰ አረጋገጠ። ቅጣቱስ? ከእንግዲህ ብትደግመው ትታገዳለህ ወይም ትባረራለህ የሚል ማስጠንቀቂያ። ያውም በምሥጢር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አንድ የዜና ድርጅት ጉዳዩን ሲያወጣው ባልደረቦቹ ተነሡ፤ በቀናት ውስጥም ሥራውን ለቀቀ።

ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ማብራሪያ ለሁላችንም ትምህርት ነው። መርማሪው ቢሮ የሚመዝነው "ሆኗል ከሚለውና አልሆነም ከሚለው የቱ ሚዛን ይደፋል?" በሚል ነው። መምህርን ለማባረር ግን ጉዳዩ የመምህራን ሴኔት ወዳለው ኮሚቴ መሄድ አለበት፤ እዚያ ደግሞ የሚጠየቀው ማስረጃ ከዚያ የጠነከረ፣ ግልጽና አሳማኝ የሆነ ነው፤ በዚያን ጊዜ ክስ ለማቅረብ የሦስት ዓመት ገደብም ነበረበት። እናም አንዱ ቢሮ "አጥፍቷል" አለ፤ ሌላው ቢሮ ዘንድ ቢሄድ ይረታ ይሆናል ተብሎ ተፈራ፤ በመካከሉ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ደግሞ ትምህርቷን ለመጨረስ አምስትና ስድስት ዓመት ይፈጅባታል። የምክር ደብዳቤዋንም የሚጽፍላት እሱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ክሰሺው ማለት በእጁ እያለሽ ክሰሺው ማለት ነው።

ሚዛኑን በተመለከተ አሜሪካኖች እስካሁን አልረጉም። በ2011 መንግሥታቸው ቀላሉን ሚዛን ተጠቀሙ የሚል መመሪያ ለዩኒቨርሲቲዎች ላከ፤ በ2017 ያ መመሪያ ተነሣ። በ2020 የወጣው ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ በችሎት መልክ እንዲሰሙ፣ በተወካዮቻቸው በኩል መስቀለኛ ጥያቄ እንዲቀርብ አዘዘ። በ2024 ሌላ ደንብ ወጥቶ ይህን ግዴታ አላላው፤ በጃንዋሪ 2025 ፍርድ ቤት ያንን ሽሮ ወደ 2020ው መለሳቸው። ከዚህ ሁሉ መወዛወዝ ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር በ2020ው ደንብ ውስጥ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከሁለቱ ሚዛኖች የፈለገውን ይምረጥ፣ ግን የመረጠውን ለተማሪም ለመምህርም እኩል ይጠቀም ይላል። ከዚያ በፊት በአንዳንድ ቦታ ተማሪ በቀላሉ ሚዛን ሲባረር መምህር በከባዱ ሚዛን ይጠበቅ ነበር። ሥልጣን ያለው በወፍራም ግድግዳ፣ ሥልጣን የሌለው በመጋረጃ።

ምሥጢር የሚባለውም ነገር የራሱ ጣጣ አለው። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1983 አንዲት ወጣት መምህርት በአንድ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ላይ ክስ አቀረበች። ዩኒቨርሲቲው ከባድ ጥፋት መፈጸሙን ተቀብሎ ለሦስት ዓመት ከአስተዳደር ኃላፊነት አገደው። ሐርቫርድን ለቃ የሄደችው ግን እሷ ናት። እሱ በ2006 የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ከፍተኛ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። በ2018 አንድ ጋዜጣ የብዙ ሴቶችን ቃል ሲያወጣ ጡረታ ወጣ፤ በ2019 የክብር ማዕረጉ ተገፈፈ። 35 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። የ1983ቱን ውሳኔ የማያውቁ ተማሪዎች በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እየተመዘገቡ ገቡ፣ ወላጆቻቸውም "መምህራንሽን አክብሪ" እያሉ ሸኟቸው።

"ታዲያ የተከሰሰው መምህርስ?" የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሰው ክብር እንዲሁ የሚጣል ነገር አለመሆኑን፣ ያለ ማስረጃ ስም ማጥፋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልጆቻችን ገና በመድረሳ የሚማሩት ነው። ውጤት ያነሰባት ተማሪ ሁሉ ከሳሽ ብትሆን ማን ያስተምራል? የናይጄሪያው ረቂቅም በሐሰት የምትከስ ተማሪ ላይ ቅጣት አስቦ ነበር። እኔ ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሥራ ከወንጀል ፍርድ ቤት ሥራ ጋር እየተምታታብን ነው እላለሁ። ፍርድ ቤት ሰውን ወደ ወህኒ ይልካልና ጥርጣሬ ሁሉ ለተከሳሹ መሆን አለበት። ኮሚቴው የሚመልሰው ጥያቄ "ይህ ሰው የተማሪዎችን ውጤት በእጁ ይዞ ይቀጥል ወይ?" የሚል ነው። ገና ጥያቄው ሳይመለስም ማንንም የማይጎዱ እርምጃዎች አሉ። የልጅቱን ፈተና ሌላ መምህር ያርመው። አማካሪዋ ይቀየር። ፈተና ወረቀት ላይ ስም ቀርቶ ቁጥር ይጻፍ። ይህ ቢደረግ ንጹሑ መምህር ምን ያጣል? ምንም። አጥፊው ደግሞ መያዣው ከእጁ ይወጣል። ፊልሙ ከዚህ ዓይነቱ ነገር አንዱን እንኳ ቢያነሣ ኖሮ ሰዓቱ ይበልጥ በተባረከ ነበር።

በእኛም ዘንድ "ብቻዋን ቢሮው ምን ልትሠራ ገባች?" የሚል ወቀሳ እሰማለሁ፤ ከወንዶችም ከሴቶችም። ባዕድ ወንድና ሴት ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል መቀመጥ፣ ማለት ኸልዋ፣ ለእኛ ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ግን እስቲ እናስተውል። የፈተና ወረቀቷን ማየት የምትፈልግ ተማሪ የት ትሂድ? የመመረቂያ ጽሑፏን አማካሪዋ "ነገ አምስት ሰዓት ቢሮዬ ነይ" ካላት ምን ትበል? ቀጠሮውን የያዘው እሱ፣ ቢሮውም የሱ፣ ቁልፉም በእሱ ኪስ ነው። ግዴታውን በልጅቱ ላይ ብቻ ጭነን ቁልፉን የያዘውን ሰው ዝም ማለት ሚዛናዊ አይደለም። በሩ ክፍት ይሁን፣ በበሩ ላይ መስታወት ይኑር፣ ማማከር በጋራ ክፍል ይደረግ ብለን ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ብንጠይቅ የሚያስቅብን ሰው ያለ አይመስለኝም።

በአገራችን ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 ላይ በአሠሪነት፣ በአሳዳሪነት ወይም በመምህርነት ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ሴትን ለዚህ ተግባር የሚጠቀምባትን በቀላል እስራት ይቀጣል። መምህር የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። ነገር ግን ክሱ የሚጀመረው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ወደዚያችው ልጅ አፍ እንመለሳለን። እሷን ዝም የሚያሰኛት ደግሞ ሁልጊዜ ዩኒቨርሲቲው ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ፊልሙን ትቼ ወደ እኛ ወደ ወላጆች እመጣለሁ። ልጃችን እንዲህ ያለ ነገር ደረሰብኝ ብትለን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? አውቶቡስ ተሳፍረን ሄደን ሻንጣዋን ይዘን መመለስ። "ክብሯ ይበልጣል" እንላለን፤ ከልባችንም ነው። እሱ ግን በማግሥቱ ክፍል ገብቶ ያስተምራል። እሷ ቤት ቁጭ ትላለች፣ ጎረቤትም ለምን ተመለሰች እያለ ይገምታል። የሐርቫርዷ መምህርት ለቃ ሄደች፣ ኪኪ ሞርዲ አቋርጣ ወጣች፤ የኛይቱ ደግሞ በአባቷ እጅ ትወጣለች። ኮሚቴው ያልሰጠውን ቅጣት በልጃችን ላይ እኛው ፈጸምነው ማለት ነው። መምህሩም ይህን ያውቃል። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ መሆኗን ከሒጃቧ ያያል፣ ለቤተሰቧ እንደማትናገርም ይገምታል፤ ዝምታዋን ከእኛ ነው የሚበደረው።

ይህን ሁሉ ለልጄ በዚያች ሌሊት አልነገርኳትም። ያልኳት፣ "መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፣ ከዚያ አብረን ወደ ቢሮው እንሄዳለን" ብቻ ነው። እሷም ትንሽ ዝም ብላ፣ "ብነግርህ ከትምህርቴ ታስቀረኛለህ?" አለች። እናቷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። "አላስቀርሽም" ያልኩት ግን ወዲያው አልነበረም፤ እሷም መዘግየቴን አስተውላለች።

አሁን፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ አንደኛውን ሴሚስተር ጨርሳ መጥታለች። ትምህርቱንና ብርዱን ካወራን በኋላ የሥርዓተ ጾታ ቢሮውን እንዳገኘችው ጠየቅኋት። "አለ፣ አግኝቼዋለሁ" አለች። ስልኩንም ጽፋ ይዛዋለች፤ በፈተና ሰሞን ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚያነሣው ሰው እንደሌለ ራሷ ሞክራ አረጋግጣለች። "በሩ ግን ከተማሪዎች ካፌ ፊት ለፊት ነው" አለችኝ። "የገባውን ሰው ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ያየዋል።"